ከዩክሬን እህቶች ጋር ስድስት ቀን፦ ያዘጋጀነውን ትምህርት ትተን ወጥ ቤት ገባን

መንገደኛዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ከመሄዴ በፊት እዚህ ጸሎት ጠይቄ ነበር። የጸለያችሁልኝ ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ በሰላም ገብቻለሁ። «እንዴት እንደነበር ንገሪን» ስላላችሁ ይኸው። ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ለማታውቁኝ፣ የምኖረው ጀርመን ነው። እሁድ ጠዋት ከጀርመኖች ጋር አመልካለሁ፣ ከሰዓት የእኛ ኅብረት አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 ጦርነቱ ሲጀመር የጠዋቱ ቤተ ክርስቲያን በዩክሬን እናቶችና ልጆች ሞላ። ከአንዷ ጋር ተዋወቅን፣ ቆይቶም እንደ እህት ሆንን። የመጣችው ከቼርኒቭትሲ ነው። በደቡብ ምዕራብ በኩል ለሩማንያ የቀረበች ከተማ ናት። የአገሯ ቤተ ክርስቲያን የሴቶች አገልግሎት መሪ «የወታደር ሚስቶችንና ባል የሞተባቸውን ሰብስበን ሦስት ቀን ተራራ ላይ ልናሳርፋቸው ነው፤ መጥታችሁ ብታግዙን» ብላ ጻፈችላት። ስድስት ሆነን ተነሣን፤ አራት ጀርመኖች፣ እሷና እኔ።

ዩክሬን ውስጥ ከፌብሩዋሪ 24 ቀን 2022 ወዲህ የመንገደኛ አውሮፕላን አይበርም። ስለዚህ ሩማንያ ሱቻቫ ድረስ በረን፣ ከዚያ በሚኒባስ ሲሬት ወደሚባለው ኬላ ሄድን። ከኬላው እስከ ቼርኒቭትሲ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኬላው ላይ ዓይኔን የያዘው ሰልፉ ነው። ከአገር የሚወጣው ሰው ሴት ነው፣ ልጅ ነው፣ አዛውንት ነው። ለውትድርና ዕድሜው የደረሰ ወንድ፣ አብዛኛው፣ እንዳሻው ድንበር አይሻገርም።

ለሁለት ወር ትምህርት ስናዘጋጅ ነበር። ርዕሱ «ፍርሃትን ማሸነፍ»። ስላይድ አለው፣ የቡድን ጥያቄ አለው፣ በዩክሬንኛ ተተርጉሞ ታትሟል። በገባንበት ማታ መሪዋ ሻይ ቀድታልን ቁጭ አለችና ወረቀቱን አንድ በአንድ ገለጠችው። ከዚያ በእርጋታ እንዲህ አለችን፦ «እህቶቼ፣ ስለ ፍርሃትና ስለ ይቅርታ ሊያስተምሩን ብዙዎች መጥተዋል፣ ጌታ ይባርካቸው። እነዚህ ሴቶች ግን ጦርነቱ ከጀመረ ወዲህ ሰው አብስሎላቸው ቁጭ ብለው አልበሉም። ወጥ ቤቱን ብትይዙልንስ?»

መጀመሪያ ደነገጥን። ዋናዋ አስተማሪያችን ፊቷ ቀላ። ትንሽ ቆይታ ግን ሹራቧን ወደ ላይ ጠቀለለችና «ስንት ሰው ነው የሚበላው?» አለች። 38 ሴቶች፣ ከልጆቻቸው ጋር።

እነዚህ ሴቶች የሚሠሩትን ልንገራችሁና ፍረዱ። ጠዋት የራሳቸው ሥራ አለ። ከሰዓት የቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ይገባሉ። አንዱ ክፍል ውስጥ መረብ ተሰቅሏል፤ ቁራጭ ጨርቅ እያሰሩ ለወታደር መሸፈኛ ይሠራሉ። በበጋ አረንጓዴና ቡናማ፣ በክረምት ነጭ። ሌላው ክፍል የጣሳ ሻማ ነው። ባዶ የቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ካርቶን ጠቅልለው ይከቱና የቀለጠ ሰም ያፈሱበታል። ምሽግ ውስጥ ላለ ሰው እጅ ያሞቃል፣ ሻይ ያፈላል። ፎቅ ላይ ደግሞ ከማሪዩፖልና ከኸርሰን የተፈናቀሉ ቤተሰቦች ይኖራሉ። ለእነሱም የሚያበስሉት እነዚሁ ሴቶች ናቸው። ማታ ቤት ሲገቡ መብራት ይጠፋል፣ ልጅ ያለቅሳል።

በማግስቱ ወደ ተራራው ስንወጣ ልክ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ሹፌሩ መኪናውን ዳር አስይዞ አጠፋው። ወረደና ቆመ። ከፊትና ከኋላ ያሉ መኪኖችም ቆመዋል። ለአንድ ደቂቃ ሙሉ አንድ ሰው አልተናገረም። ለሞቱት ነው። በየቀኑ በዚያ ሰዓት እንዲህ ነው አሉን። ከማርች 2022 ጀምሮ በፕሬዚዳንቱ አዋጅ የተደነገገ ነው። የኋላ ወንበር ላይ የነበረች አንዲት እናት ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር።

ስለ አንዲት ሴትዮ ሳልነግራችሁ አላልፍም። ዕድሜዋ ከ70 በላይ ነው፣ የቤተ ክርስቲያኗ ወጥ ሠሪ እሷ ናት። «ዛሬ እንግዳ ነሽ» ብንላት አልሰማችንም። ከገበታው እየተነሣች ወጥ ቤት ትመጣለች። ቢላዋ ከእጄ ትወስዳለች፣ ድንቹን እንዴት እንደምልጥ ታሳየኛለች። ሦስቴ መለስናት። በአራተኛው ክንዷን ይዤ ወሰድኳትና አጠገቧ ተቀመጥኩ። ቦርሹን፣ ያ በቀይ ሥር የሚሠራውን ሾርባቸውን፣ ፊቷ አስቀመጡላት። አልበላችም። የወረቀት ናፕኪኑን አጠፈችው፣ ዘረጋችው፣ መልሳ አጠፈችው። እጆቿ ምን እንደሚሠሩ ጠፍቷቸው ነበር። ከዚያ ማንኪያውን አነሣችና ቀስ ብላ እስከ መጨረሻው ጠጣችው። «ማን ነው የሠራው?» አለች። «እኔ» አልኳት። «ጨው ይጎድለዋል» አለችና ግንባሬን ሳመችኝ።

የቀረውን ነገ እጽፋለሁ። ልጄን ከትምህርት ቤት ላምጣ።

---

ሳሪስ

እህቴ፣ እንኳን በሰላም መጣሽ። ሳልጠይቅ ማለፍ አልቻልኩም፤ ቅር አይበልሽ። የስድስት ሰው ትኬት፣ ኢንሹራንስና መኪና ተደምሮ ስንት ይሆናል? ያ ገንዘብ ቢላክ ለእነዚያ ሴቶች ስንት ነገር ይገዛ ነበር? ድንች ለመላጥ ከጀርመን መሄድ ያስፈልጋል? ሌላው ደግሞ፣ እኛ ቤት ያሉት እናቶችስ? ትግራይ አለች፣ አማራ ክልል አለ፣ ወለጋ አለ። ባሏን ያጣችው እዚህም አለች። አጠገቧ ቁጭ ብሎ ሾርባ የሚሰጣት ግን የለም።

የቤት ኅብረት

ሳሪስ፣ ጥያቄህ ከልብ እንደሆነ ይገባኛል። ግን ገንዘብ ሲላክ ማን ያበስለዋል? እነዚያው ሴቶች ናቸው። መንገደኛዋ እያለችን ያለችው እኮ ይህንን ይመስለኛል። እኛም ጋ ለቅሶ ቤት ብር ብቻ ልኮ የሚቀር ሰው ይታዘቡታል። ሄደህ ቁጭ ትላለህ፣ ንፍሮ ታቀርባለህ፣ ሳህን ታጥባለህ።

መንገደኛዋ

ሳሪስ፣ ቅር አላለኝም። ወጪውን እያንዳንዳችን ከኪሳችን ነው የሸፈንነው። ለጀነሬተር የተዋጣው ገንዘብ ለብቻው ከእኛ በፊት ሄዷል። ግን ጥያቄህ ልክ ነው፣ እኔም ሌሊት ሌሊት አስቤዋለሁ።

ስለ አገር ቤት ያልከው ይበልጥ አሞኛል። እናቴ ያለችው ደሴ ነው። ጦርነቱ ደሴ በገባ ጊዜ ስልክ ተቋርጦ ስንት ቀን ድምፅዋን ሳልሰማ ቆየሁ። ያኔ አጠገቧ ማን ነበር? ጎረቤቷ። ስሟን እንኳ የማላውቃት ሴት እንጀራ እያመጣችላት ነበር። ይህ ዕዳ አለብኝ። ቼርኒቭትሲ መሄዴ ዕዳውን አይከፍለውም። የጠሩኝ እነሱ ስለሆኑ ነው የሄድኩት። አገር ቤት የሚጠራኝ ካለ፣ እዚህም የምታውቁት የእናቶች ኅብረት ካለ፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ከልቤ ነው።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2022 ከዩክሬን ወደብ ተነሥቶ በጅቡቲ በኩል የገባው የመጀመሪያው የእርዳታ ስንዴ የተላከው ለኢትዮጵያ ነበር። 23,000 ቶን። ይህን ስነግራቸው አንዲት ከኸርሰን ገጠር የተፈናቀለች ገበሬ «የእኛም እርሻ ስንዴ ነበር» አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም።

---

የ77ቱ ተማሪ

ልጄ፣ ጽሑፍሽን ሁለቴ አነበብኩት። በ1977 ዓ.ም. ለትምህርት ኪየቭ ከሄዱት አንዱ ነኝ። የያኔው መንግሥት ብዙዎቻችንን ልኮ ነበር፤ ካርኮቭም ኦዴሳም የእኛ ልጆች ነበሩ። የቼርኖቤል ኑክሌር ጣቢያ የፈነዳ ጊዜ እዚያው ነበርኩ። ሚያዝያ 18 ቀን 1978 ዓ.ም. ሆኖ ሳለ ለእኛ የነገረን አልነበረም። ከአምስት ቀን በኋላ የሜይ ዴይ ሰልፍ እንደ ወትሮው ኪየቭ መሃል ተካሄደ። ልጆች አበባ ይዘው ሲሄዱ አይቻለሁ።

የመኝታ ክፍላችንን የምታጸዳ አንዲት አሮጊት ነበረች። ደረጃ ስትጠርግ ዝቅ ባለ ድምፅ ታዜማለች። ሰው ሲመጣ ታቆማለች። አንድ ቀን ትኩሳት ይዞኝ ተኝቼ፣ የራስጌዬን ብርድ ልብስ አስተካክላ ግንባሬ ላይ እጇን ጭና ጸለየችልኝ። ቋንቋው ገብቶኝ ነበር፤ ያልገባኝ መስዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። እሷም እንዳትፈራ፣ እኔም እንዳልጠየቅ። ያንቺ ወጥ ሠሪ እሷን አስታወሰችኝ። ሩሲያኛዬ እስካሁን አለ። ለእንዲህ ያለ አገልግሎት ይጠቅም ይሆን?

መንገደኛዋ

ጋሼ፣ አስለቀሱኝ። እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥልን።

ሩሲያኛው ይጠቅማል፣ ግን በጥንቃቄ ነው። ከማሪዩፖልና ከካርኪቭ (እርስዎ ካርኮቭ ካሉት) የመጡት ብዙዎቹ በሩሲያኛ ያደጉ ናቸው፤ ሲያለቅሱ የሚያለቅሱትም በሱ ነው። ሌሎች ግን ያንን ቋንቋ መስማት ይከብዳቸዋል። አስተርጓሚያችን የመከረችን፣ መጀመሪያ በዩክሬንኛ ሰላም በሉ፣ ከዚያ እነሱ በመረጡት ቀጥሉ የሚል ነው። አማኞቹ «ሚር ቫም» ይባባላሉ፣ ሰላም ለእናንተ ማለት ነው። ምስጋናው «ዲያኩዩ» ነው። እሷን ብቻ ይዤ ስድስት ቀን ኖርኩ። ሁለተኛ የለመድኩት ቃል «ይዥቴ፣ ይዥቴ» ነው። ብሉ፣ ብሉ ማለት ነው። ልክ እንደኛ እናቶች፣ ጠግቤያለሁ ቢሉ አይሰሙም።

ስለ አሮጊቷ ካነሡ አይቀር፣ የኛም ወጥ ሠሪ በዚያ ዘመን ያደገች ናት። እ.ኤ.አ. በ1929 የወጣው የሶቪየት የሃይማኖት ሕግ የሚገድበው ስብከት ብቻ አልነበረም። አብያተ ክርስቲያናት ለሴቶች ወይም ለወጣቶች የተለየ ስብሰባ እንዳያደርጉ፣ የእጅ ሥራ ቡድን እንዳያቋቁሙ፣ ችግረኛ እንዳይረዱ ይከለክል ነበር። አስቡት፤ ሴቶች ተሰብስበው ሹራብ እየሠሩ መጸለይ በሕግ የተከለከለ ነገር ነበር። ቼርኒቭትሲ እ.ኤ.አ. በ1940 ሶቪየት ሥር ከገባች በኋላ ይኸው ዕጣ ደረሳት። ሴትየዋ ልጅ ሳለች እናቷ ጎረቤቶቿን የምትሰበስበው «ላባ ልንለቅም ነው» ብላ ነበር፤ ለትራስ የሚሆን የዝይ ላባ። እየለቀሙ መዝሙር ይዘምራሉ፣ የሰው ኮቴ ሲሰማ ወሬ ይጀምራሉ።

የቤት ኅብረት

ላባው ቡና ነው በኛ ቤት!! በደርግ ጊዜ እናቴ ቡና ታፈላለች፣ ጎረቤት የተጠራ እንዲመስል። ሰባት ስምንት ሴቶች ይመጣሉ። ረከቦቱ መሃል፣ መጽሐፍ ቅዱሱ ቄጠማው ሥር። መሠረተ ክርስቶስ በጥር 1974 ዓ.ም. ስትዘጋ ልጅ ነበርኩ፤ ሙሉ ወንጌል ከዚያ በፊት፣ በንጉሡም ጊዜ ተዘግታለች። ቤተ ክርስቲያን የቀጠለችው በየሴቶቹ ሳሎን ነው። የእነዚያን ሴቶች ስም እኮ መድረክ ላይ የሚጠራው የለም። እህቴ፣ ለዚያች ሴትዮ ስለ ረከቦቱ ንገሪልኝ።

መንገደኛዋ

እነግራታለሁ። ደስ ይላታል።

---

የማርያም ልጅ

እኔ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ነኝ፣ ግን ክሩን ከመጀመሪያው እየተከተልኩ ነው። ዩክሬን በብዛት ኦርቶዶክስ አይደለችም እንዴ? የእነሱ ሴቶች ከናንተ ጋር አብረው ይሠራሉ ወይስ በየራሳቸው ናቸው?

መንገደኛዋ

ልክ ነሽ፣ አብዛኛው ሕዝብ ኦርቶዶክስ ነው። ወደ ሊቪቭ በኩል ደግሞ የግሪክ ካቶሊኮች ብዙ ናቸው፤ ሥርዓታቸው እንደ ኦርቶዶክስ ሆኖ ለሮማው ጳጳስ የሚገዙ ማለት ነው። ኦርቶዶክሱም ሁለት ወገን ነው፤ አንዱ በጃንዋሪ 2019 ከቁስጥንጥንያ ራሱን ችሎ የመቆም ሥልጣን ያገኘው፣ ሌላው በታሪክ ከሞስኮ ጋር የቆየው። ነገሩ ቤተሰብ ሁሉ ይከፍላል፣ ስለዚህ እኔ ውስጡ አልገባም። ወንጌላውያኑ ጥቂት ናቸው፣ ግን ሥራቸው ሰፊ ነው። ታሪካቸውም ይገርማል። እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ በኸርሰን አካባቢ የሠፈሩ ጀርመን ገበሬዎች መጽሐፍ ቅዱስ ለማንበብ «ሽቱንደ» ይሰበሰቡ ነበር። በጀርመንኛ አንድ ሰዓት ማለት ነው። ጎረቤት የዩክሬን ገበሬዎች ገቡበትና «ስቱንዲስት» ተባሉ። ጀርመኖቹ ጓደኞቼ ይህን ሲሰሙ ዝም ብለው ተያዩ።

ካምፑ ውስጥ ግን ከ38ቱ ሴቶች የኦርቶዶክስ መስቀል አንገታቸው ላይ ያሠሩ ነበሩ። ጠይቆ የለያቸው አልነበረም። ላንቺ ደግሞ ይህን ልንገርሽ። ገናን እንደኛ ጃንዋሪ 7 ነበር የሚያከብሩት። ከ2023 ጀምሮ አብዛኞቹ ወደ ዲሴምበር 25 አዛውረውታል። እኔ ታኅሣሥ 29 ስላቸው አሮጊቶቹ «አንቺ የእኛን የድሮውን ታከብሪያለሽ» ብለው እጄን ያዙ።

ነርሷ ከሲያትል

እኛ ጋ አረጋውያን መርጃ ቤት ከማገለግላቸው እናቶች ብዙዎቹ የዩክሬን ጴንጤዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1989 በኋላ በሃይማኖት ስደተኝነት የገቡ ናቸው፤ ሳክራሜንቶም፣ ፖርትላንድም፣ እዚህም። ነጠላ የመሰለ ሻሽ አስረው ሁሉም በአንድ ጊዜ ድምፅ አውጥተው ሲጸልዩ ዓይኔን ብጨፍን አዲስ አበባ ነኝ። ካምፑም እንዲህ ነው?

መንገደኛዋ

እንዲሁ ነው! የሁለተኛው ቀን ማታ ጸሎት ላይ ሁሉም በአንድ ጊዜ ጀመሩ። ጀርመኖቹ ግራ ገባቸው። እኔ ቤቴ ገባሁ። ቦርሳዬ ውስጥ ነጠላ ነበረኝ፤ ተከናነብኩ። አጠገቤ የነበረችው ጥለቱን በጣቷ እየዳበሰች «ኹስትካ» አለችኝ። የእነሱን ሻሽ እንዲህ ነው የሚሉት። ስንለያይ ለሷ ትቼላት መጣሁ።

እና አሁን ትናንት ያላወራሁትን ልናገር። ከብዶኝ ነው የዘለልኩት።

አንዲት ወጣት ሴት ነበረች፣ 30 ዓመት አይሞላትም። ሦስቱን ቀን ስልኳን ከእጇ አላወረደችም። ስትበላም፣ ስትጸልይም። መጀመሪያ አልገባኝም። በኋላ አሳየችኝ። የባሏ ስም አለ፣ ከስሙ ሥር «ለመጨረሻ ጊዜ የታየው» የሚል ቀን አለ። ዓመት ያለፈው ቀን። ባሏ ሞተ አልተባለም፣ ተማረከም አልተባለም። የጠፋ ነው የተባለው። እንደሷ ያሉ ብዙ ሺዎች አሉ። የምርኮኛ ልውውጥ ሲኖር የባሎቻቸውን ፎቶ ይዘው አውቶቡሶቹ ደጅ ይቆማሉ፣ የወጣው ወታደር ፎቶውን አይቶ «አዎ፣ አይቼዋለሁ» ይል እንደሆነ።

ሁለተኛው ቀን ከሰዓት መብራት ጠፋ፣ ኔትዎርክም አብሮ ጠፋ። እሷ ካፖርቷን ደርባ ብቻዋን ወደ ኮረብታው ወጣች፣ ሲግናል ፍለጋ። ተከተልኳት። ቋንቋ የለን፣ ዝም ብለን ወጣን። ጫፉ ላይ አንድ መስመር ሲግናል መጣ። ከፈተችው። ያው ቀን ነው። ብርዱ እስኪያንዘፈዝፈን ቆመን፣ ወረድን።

እኛ እርም ማውጣት የምንለው አለን። ሬሳ ይገባል፣ ይለቀሳል፣ ይቀበራል፣ ተዝካር ይወጣል። ይህቺ ልጅ ግን እርሟን በምን ታውጣ? ባሏ ሞቷል ብላ ብታለቅስ ክህደት ይሆንባታል። አለ ብላ ብትስቅ ደግሞ ሌላ። መሪዋ ለምን የፍርሃትን ትምህርት እንደመለሰችው ያኔ ገባኝ። ስላይዳችን ውስጥ ለሷ የሚሆን ገጽ አልነበረም።

---

ሳሪስ

ይህንን አንብቤ ስልኬን አስቀመጥኩት። የጠየቅኩትን አልመልሰውም፣ አገር ቤት ያለውም ይታሰብ። ግን ስለ ኮረብታው ስለነገርሽን አመሰግናለሁ።

አዲሱ ገበያ

ታላቅ ወንድሜ በ1991 ዓ.ም. ወደ ባድመ ሄደ። አልተመለሰም፣ መርዶም አልመጣም። እናቴ ለዓመታት ማታ በሩን አትቀረቅርም ነበር። «ሌሊት ቢመጣ?» ትላለች። ሰፈር ውስጥ «እርምሽን አውጪ» ያሏትን ሰዎች አኩርፋቸው ኖረች። አንዲት ጎረቤታችን ብቻ እንዲህ ብላት አታውቅም። እየመጣች ስለ ወንድሜ ትጠይቃታለች። ምን ይወድ ነበር፣ ኳስ ይጫወት ነበር ወይ፣ ልጅ ሳለ ምን አጠፋ። እናቴ ያኔ ብቻ ትስቃለች።

እህቴ፣ ለዚያች ልጅ መልእክት ማድረስ ትችያለሽ? እናቴን አማከርኳት። የምትለው ይህ ነው፦ «ልጄ፣ በርሽን አትቀርቅሪ የሚሉሽንም፣ ቀርቅሪ የሚሉሽንም አትስሚ። ሲመሽ ራት ብዪ። ስለሱ የምትጠይቅሽን ጓደኛ ያዢ።»

መንገደኛዋ

ወንድሜ፣ የእናትህን እጅ ሳምልኝ።

ዛሬ ማታ እዚህ ካለችው ጓደኛዬ ጋር ቃል በቃል ተርጉመን እንልካለን። ባሏ ምን ይወድ እንደነበርም እጠይቃታለሁ። ሦስት ቀን አብሬያት ስቆይ አልጠየቅኳትም፤ ቀኑን ብቻ ነው ያየሁት።

መንገደኛዋ

ከሦስት ሰዓት በኋላ፦ ልከነዋል። አንብባዋለች። ፎቶ መለሰች፣ ጽሑፍ የለውም። ወንዝ ዳር መረብ የያዘ ልጅ፣ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ ይስቃል። ዓሣ ይወድ ነበር ማለት ነው።